የስትራስቡርጉ ቃጠሎ እና የሆስቲንግ ምርጫ፦ በኦቪኤች ላይ የተደረገ የጉዳይ ጥናት

አዲስ ድረ ገጽ ለመክፈት የተነሣ ሰው ሆስቲንግ፣ ማለትም ድረ ገጹ የሚቀመጥበትን ሰርቨር (ሁልጊዜ ከኢንተርኔት ጋር የተገናኘ ኮምፒውተር) የሚያከራይ አገልግሎት፣ ሲያማርጥ በአብዛኛው የሚያወዳድረው የወር ክፍያን፣ የማከማቻ መጠንን፣ ፍጥነትን እና ለመጀመሪያው ዓመት የተደረገለትን ቅናሽ ነው። እነዚህ ሁሉ ሊታዩ የሚገባቸው ነገሮች ናቸው፤ ሆኖም የሚናገሩት ሰርቨሩ በደኅና ስለሚሠራበት ቀን ብቻ ነው። ሰርቨሩ ከነሕንፃው የሚጠፋበት ቀን ቢመጣ ድረ ገጹ ምን እንደሚሆን ከእነዚህ አንዱም አይነግረንም። ያን ቀን በቅርብ ለማየት የሚያስችል፣ በምርመራ ሪፖርቶች እና በፍርድ ቤት ውሳኔ የተመዘገበ አንድ ጉዳይ አለ፤ ይኸውም መጋቢት 1 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ማርች 10 ቀን 2021፣ በፈረንሳይዋ ስትራስቡርግ ከተማ በኦቪኤች ኩባንያ ዳታ ሴንተር (ብዙ ሰርቨሮች በአንድነት የሚቀመጡበት ተቋም) ላይ የደረሰው ቃጠሎ ነው። ጉዳዩን የምመረምረው በአንድ ጥያቄ ዙሪያ ነው፤ የአንድ ድረ ገጽ ዋናው ሰርቨር እና የመጠባበቂያ ቅጂው በጋራ የሚጠቀሙበት ነገር ስንት ነው? አንድ ሕንፃ፣ አንድ ግቢ፣ አንድ የኤሌክትሪክ መስመር፣ አንድ የደንበኛ አካውንት ወይም አንድ የክፍያ ካርድ የሚጋሩ ከሆነ ቅጂው ከዋናው ጋር አብሮ ሊጠፋ ይችላል። በእኔ እምነት ይህ ጥያቄ ከዋጋም ከፍጥነትም አስቀድሞ መጠየቅ አለበት።

ኩባንያው እና ግቢው

ኦቪኤች በፖላንድ ተወላጁ ኦክታቭ ክላባ እ.ኤ.አ. በ1999 በሰሜን ፈረንሳይ በሩቤ ከተማ የተመሠረተ ኩባንያ ነው። ከሃያ ዓመት በኋላ ኦቪኤችክላውድ የሚለውን ስያሜ ሲይዝ አውሮፓ ውስጥ ተመሥርተው ካደጉ የክላውድ (በኢንተርኔት በኩል ሰርቨር እና ማከማቻ የማከራየት) አገልግሎት ሰጪዎች በትልቅነቱ ቀዳሚ ሆኖ ነበር። ይበልጥ የሚታወቀው ግን በዝቅተኛ ዋጋው ነው፤ ሰርቨሮቹን ራሱ ይገጣጥማል፣ ፕሮሰሰሮቹን በውሃ ያቀዘቅዛል፣ ሕንፃዎቹንም ለማቀዝቀዣ የሚወጣውን ኃይል በሚቆጥብ መንገድ ያንፃል። ከቃጠሎው ሁለት ቀን በፊት አክሲዮኑን ለሕዝብ ገበያ ለማቅረብ ዝግጅት መጀመሩን ይፋ አድርጎ ነበር። በዚያ ሳምንት ሆስቲንግ ያማርጥ የነበረ ሰው በተለመደው የማወዳደሪያ ሰንጠረዥ ላይ ይህን ኩባንያ ከላይኛዎቹ ረድፎች ቢያገኘው የሚያስገርም አልነበረም። ዋጋው ተመጣጣኝ ነው፤ ኩባንያው ትልቅ ነው፤ ኔትወርኩ የራሱ ነው፤ መረጃውም የሚቀመጠው በአውሮፓ ሕግ ሥር ነው። ከእነዚህ ምስክርነቶች አንዱም ሐሰት አልነበረም።

ስትራስቡርግ ፈረንሳይን ከጀርመን በሚለየው በራይን ወንዝ ዳር የምትገኝ ከተማ ናት። ኩባንያው በከተማዋ የወደብ አካባቢ የነበሩትን አራት ማዕከላት ኤስቢጂ 1፣ ኤስቢጂ 2፣ ኤስቢጂ 3 እና ኤስቢጂ 4 እያለ ይጠራቸው ነበር። ደንበኛው ሰርቨር ሲከራይ በሚያየው ዝርዝር ላይ አራቱ ራሳቸውን የቻሉ ዳታ ሴንተሮች ሆነው ይቀርቡለታል፤ መሬት ላይ ግን በአንድ ግቢ ውስጥ የተጠጋጉ ሕንፃዎች ነበሩ። ኤስቢጂ 1 እ.ኤ.አ. በ2012 በዕቃ መጫኛ ኮንቴይነሮች የተሠራ ሲሆን ኤስቢጂ 2 ደግሞ ባለ አምስት ወለል ሕንፃ ነበር። ሰርቨሩን በኤስቢጂ 2፣ ቅጂውን በኤስቢጂ 1 ያስቀመጠ ደንበኛ ሁለት ዳታ ሴንተር እንደሚጠቀም ቢያምን ከስሙ አንጻር የሚፈረድበት አልነበረም።

አስቀድሞ የታየ ምልክትም ነበር። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 9 ቀን 2017 ጠዋት የስትራስቡርግ ግቢ በሙሉ ኤሌክትሪክ ተቋርጦበት ነበር። ኩባንያው ያኔ ራሱ በጻፈው ማብራሪያ መሠረት ግቢው ኃይል ያገኝ የነበረው 20 ኪሎቮልት በሚያስተላልፍ መስመር ላይ በነበሩ ሁለት ኬብሎች ነው። ሁለቱ ኬብሎች ግን ከአንድ ምንጭ የሚነሡ እና በአንድ ማቋረጫ መሣሪያ የሚጠበቁ ስለነበሩ አንደኛው ሲጎዳ መሣሪያው ሁለቱንም አጠፋቸው። በዚህ ጊዜ ሊነሡ ይገባ የነበሩት ጄኔሬተሮችም ሳይነሡ ቀሩ። ማብራሪያው ለማንም የተከፈተ ነበርና ኋላ የደረሰው አደጋ ዐይነተኛ ባሕርይ ከሦስት ዓመት በፊት በግልጽ ተጽፎ ይገኝ ነበር ማለት ይቻላል። ቁጥሩ ሁለት የሆነ ነገር መጨረሻ ላይ ሲደረስ በአንድ ቦታ ይገናኝ ነበር።

የቃጠሎው ሌሊት

በኩባንያው መግለጫ መሠረት እሳቱ የተነሣው በአካባቢው ሰዓት ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከ47 ደቂቃ ላይ በኤስቢጂ 2 ውስጥ ነው። ወደ 100 የሚጠጉ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ተሰማሩ፤ ፈረንሳይ እና ጀርመን በጋራ የሚጠቀሙበት የእሳት ማጥፊያ ጀልባም በራይን በኩል መጥቶ ውሃ ይረጭ ነበር። የተጎዳ ሰው አልነበረም። ሲነጋ ግን ኤስቢጂ 2 ሙሉ በሙሉ ወድሟል፤ በኤስቢጂ 1 ከነበሩት 12 ክፍሎችም አራቱ ተቃጥለዋል። ኤስቢጂ 3 እና ኤስቢጂ 4 እሳቱ ባይደርስባቸውም ኃይል ተቋርጦባቸው ከአገልግሎት ውጭ ሆነዋል።

የአካባቢው የእሳት አደጋ መከላከያ አገልግሎት ከአንድ ዓመት በኋላ ያወጣው ሪፖርት ሆስቲንግ ለሚመርጥ ሰው ከብዙ የማስታወቂያ ገጾች የበለጠ ይጠቅማል። ሠራተኞቹ ወደ ኤሌክትሪክ ክፍሉ በር ሲጠጉ ከአንድ ሜትር በላይ የሚዘረጋ የኤሌክትሪክ ብልጭታ አዩ። ወደ ውስጥ ለመግባትም ሆነ ውሃ ለመርጨት ኃይሉ መቋረጥ ነበረበት፤ በግቢው ግን ሁሉንም በአንድ ጊዜ የሚያጠፋ አጠቃላይ ማቋረጫ አልነበረም። ኤሌክትሪኩን ሙሉ በሙሉ ለማጥፋት ከሁለት ሰዓት ተኩል በላይ ፈጀ። ሕንፃው አውቶማቲክ የእሳት ማጥፊያ ሥርዓት አልነበረውም፤ ወለሎቹ ከእንጨት የተሠሩና እሳትን ለአንድ ሰዓት ብቻ እንዲቋቋሙ የታሰቡ ነበሩ። ከውጭ የሚገባው ቀዝቃዛ አየር ሰርቨሮቹን አቀዝቅዞ ሲሞቅ ወደ ላይ እንዲወጣ የተሠሩት የውስጥ ክፍተቶችም እንደ ጭስ ማውጫ ሆነው እሳቱን ወደ ላይ ሳቡት።

ከእነዚህ ዝርዝሮች መካከል ቆም ብሎ ማሰብ የሚያስፈልገው ስለ ኤሌክትሪኩ የተነገረው ነው። ዳታ ሴንተር ኃይል ፈጽሞ እንዳይቋረጥበት ተደርጎ የሚሠራ ተቋም ነው፤ ከከተማው መስመር ቀጥሎ ዩፒኤስ (መስመሩ ሲቋረጥ ከባትሪ ወዲያው ኃይል የሚሰጥ መሣሪያ) እና ባትሪ፣ ከባትሪው ቀጥሎ ጄኔሬተር ይደረደራሉ፤ አንዱ ሲጠፋ ሌላው ወዲያው ይተካዋል። ይህ ድርድር በሆስቲንግ ማስታወቂያዎች ላይ እንደ ዋና የጥራት መለኪያ ይቀርባል፤ ተገቢም ነው። በዚያ ሌሊት ግን ለማንኛውም መቋረጥ የማይበገር ሆኖ የተሠራው የኃይል አቅርቦት የእሳት አደጋ ሠራተኞቹ ሊያጠፉት ሲሞክሩም አልጠፋ አላቸው። እሳቱ የተነሣው ራሱ ኃይል እንዳይቋረጥ ከሚጠብቁት ዩፒኤስ እና ባትሪዎች አካባቢ መሆኑንም መርማሪዎች ገልጸዋል፤ ያነሣሣው ትክክለኛ ምክንያት ግን የማያጠራጥር ማስረጃ አልተገኘለትም። ስለዚህ በአንድ ሕንፃ ውስጥ የሚደረግ ጥንቃቄ የቱንም ያህል ቢጠነክር ከሕንፃው ውጭ የሚቀመጥን ቅጂ አይተካም።

በዚያው ሌሊት ክላባ በትዊተር ባስተላለፉት መልእክት የአራቱም ማዕከላት አገልግሎት መነካቱን ገልጸው ደንበኞች ለአደጋ ጊዜ ያዘጋጁትን የመልሶ ማቋቋሚያ ዕቅድ ሥራ ላይ እንዲያውሉ መከሩ። ምክሩ ትክክል ነበር፤ ይሁን እንጂ ከደንበኞቹ ብዙዎቹ በወር ጥቂት ዩሮ እየከፈሉ አንድ ሰርቨር የተከራዩ፣ እንዲህ ያለ ዕቅድ እንደሚያስፈልጋቸው ማንም ነግሯቸው የማያውቅ አነስተኛ ድርጅቶች እና ግለሰቦች ነበሩ።

የተቋረጠ እና የጠፋ

የኢንተርኔት አገልግሎቶችን የሚከታተለው የብሪታንያው ኔትክራፍት ባደረገው ቆጠራ 464,000 በሚሆኑ ዶሜይኖች (የተመዘገቡ የኢንተርኔት አድራሻ ስሞች) ሥር የነበሩ 3.6 ሚሊዮን ድረ ገጾች ከመስመር ወጥተዋል። ከእነዚህ መካከል የፈረንሳይ መንግሥት ክፍት መረጃዎችን የሚያሠራጭበት ድረ ገጽ እና በፓሪስ የሚገኘው የፖምፒዱ ማዕከል ድረ ገጽ ይገኙበታል። ረስት የተባለውን የኦንላይን ጨዋታ የሚያዘጋጀው ፌስፐንች ስቱዲዮስ 25 የአውሮፓ ሰርቨሮቹ ሙሉ በሙሉ መውደማቸውን እና በውስጣቸው የነበረው መረጃ ሊመለስ እንደማይችል አሳወቀ።

ቁጥሩ የሚያስደነግጥ ቢሆንም አንድ ነገር ይሸፍናል፤ የተቋረጠ ድረ ገጽ እና የጠፋ ድረ ገጽ የተለያዩ ናቸው። ሰርቨሩ በኤስቢጂ 3 የነበረ ደንበኛ መረጃው በደኅና ተቀምጦለት የኤሌክትሪክ እና የኔትወርክ መስመሩ እስኪታደስ ድረስ ለቀናት፣ አንዳንዱም ከዚያ በላይ፣ መጠበቅ ነበረበት። ሰርቨሩ በኤስቢጂ 2 የነበረ፣ ቅጂውን ግን በሌላ ከተማ ወይም በሌላ ኩባንያ ዘንድ ያስቀመጠ ደንበኛ ሰርቨሩን ለዘለዓለም ቢያጣም አዲስ ተከራይቶ በሰዓታት ውስጥ ሥራውን ሊቀጥል ይችል ነበር። ሰርቨሩም ቅጂውም በዚያው ሕንፃ የነበሩበት ደንበኛ ግን ምንም የሚጠብቀው ነገር አልነበረውም። የሚገርመው ነገር፣ ከሦስቱ በአገልግሎት መቋረጥ ረገድ ፈጥኖ ሊመለስ የሚችለው ሰርቨሩ የተቃጠለበት፣ ነገር ግን ቅጂውን ከግቢው ያራቀው ነው፤ ሰርቨሩ ያልተነካበት ሰው እንኳ ከእርሱ የበለጠ ሊጠብቅ ይገደድ ነበር።

በመጠበቅ ላይ የነበሩትም ዕረፍት አላገኙም። ማርች 19 ቀን በኤስቢጂ 1 የባትሪ ክፍል እንደገና ጭስ በመታየቱ ግቢው ዳግም ኃይሉ ተቋረጠ፤ ኩባንያውም ኤስቢጂ 1ን መልሶ ላለመክፈት ወሰነ፤ ከውስጡ የተረፉት ሰርቨሮችም እየተነቀሉ ወደ ሌላ ቦታ ተወሰዱ።

ውሉ ምን ይል ነበር

ከቃጠሎው በኋላ የተነሣው ትልቁ ክርክር ቅጂ መያዝ የማን ኃላፊነት ነው የሚለው ነበር። የሆስቲንግ ገበያው ለዚህ የሚሰጠው መልስ እንደ አገልግሎቱ ዓይነት ይለያያል። ሰርቨሩን ራሱ የሚያስተዳድር ደንበኛ የሚከራየው ማሽኑን ነው፤ በላዩ ላይ ለሚያስቀምጠው ነገር ቅጂ የሚይዘው እርሱ ነው። በጋራ ሰርቨር ላይ ቦታ የሚከራይ ደንበኛ ደግሞ ኩባንያው በየቀኑ ቅጂ እንደሚይዝለት በማስታወቂያ ላይ ያነባል፤ የአገልግሎት ውሉን እስከ ታች ድረስ ቢያነብ ግን ቅጂው እንደ ተጨማሪ መልካም ፈቃድ የሚያዝ መሆኑን፣ ኩባንያውም ለመገኘቱ ዋስትና እንደማይሰጥ የሚገልጽ አንቀጽ ብዙ ጊዜ ያገኛል። ክላባ ከቃጠሎው በኋላ ባስተላለፉት የቪዲዮ መልእክት አንዳንድ ደንበኞች ምን እንደገዙ በትክክል እንዳልተረዱ ካነሡ በኋላ በዚህ ላይ ከመከራከር ይልቅ ቅጂ መያዝን በነፃ ለመስጠት ማሰባቸውን ተናግረዋል። ውሳኔው የሚያስመሰግን ነው፤ ሆኖም ደንበኛው ምን እንደሚገዛ እንዲገባው አድርጎ መጻፍም የሻጩ ግዴታ ይመስለኛል።

ፍርድ ቤት የደረሰው የፍራንስ ባቲ ኩርታዥ ጉዳይ ይህን ጥያቄ እስከ ጥግ ድረስ ይወስደዋል። ድርጅቱ በግንባታ ሥራዎች የማገናኘት አገልግሎት ላይ የተሰማራ ነው፤ ከኦቪኤች ቪፒኤስ (ከአንድ ትልቅ ሰርቨር ላይ በሶፍትዌር የተከፈለ የግል ሰርቨር) ተከራይቶ ነበር፤ በተጨማሪም ለአውቶማቲክ ባክአፕ፣ ማለትም በራሱ ለሚያዝ የመጠባበቂያ ቅጂ፣ ይከፍል ነበር። እንግዲህ ይህ ቸልተኛ ደንበኛ አልነበረም፤ ቅጂ እንደሚያስፈልገው አውቆ ገንዘብ የከፈለ ደንበኛ ነው። በውሉ ላይ የባክአፕ አገልግሎቱ ሰርቨሩ ካለበት መሠረተ ልማት በአካል የተለየ መሆኑ ተጽፎ ነበር። ቅጂዎቹ ግን ከሰርቨሩ ጋር በዚያው ሕንፃ ውስጥ ስለነበሩ አብረው ተቃጠሉ።

ኩባንያው ቃጠሎው ከአቅም በላይ የሆነ ክስተት ነው ሲል ተከራከረ። የሊል ሜትሮፖል የንግድ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. ጃንዩዋሪ 26 ቀን 2023 በሰጠው የመጀመሪያ ደረጃ ውሳኔ ክርክሩን ሳይቀበል ቀርቶ ኩባንያው ካሳ እንዲከፍል አዘዘ። የፍርድ ቤቱ አመለካከት በእኔ ዐይን ትክክለኛ ነው። ሰው ባክአፕ የሚገዛው በትክክል ለእንዲህ ዓይነቱ ቀን ነው፤ ሰርቨሩን ያጠፋው አደጋ ቅጂውንም ሊያጠፋ ከቻለ፣ የተሸጠው አገልግሎት የተገዛበትን ዓላማ አያሟላም። እሳቱ ድንገተኛ ነበር ቢባል እንኳ ቅጂዎቹን በዚያው ሕንፃ ማስቀመጥ ድንገተኛ አልነበረም፤ አስቀድሞ በሐሳብ የተወሰነ አሠራር ነበር።

ከዚህ ላይ መረሳት የሌለበት ግን ፍርዱ የተሰጠው ከቃጠሎው ወደ ሁለት ዓመት ከሚጠጋ ጊዜ በኋላ መሆኑ ነው። ለጠበቃ የሚከፍል ድርጅት ካሳ ያገኝ ይሆናል፤ የተቃጠለውን መረጃ ግን ማንም ፍርድ ቤት አይመልስለትም። አንድ የማኅበር ድረ ገጽ የአሥር ዓመት ጽሑፎች፣ ፎቶግራፎች እና የተመዘገቡ ስሞች ቢጠፉበት ጉዳቱ በገንዘብ ተተምኖ ለዳኛ የሚቀርብ እንኳ አይሆንም። በአማርኛ የሚታተሙ ብዙ ድረ ገጾች ጽሑፎቻቸውን በወረቀት አትመው አያስቀምጡም፤ ብቸኛው መዝገባቸው ሰርቨሩ ላይ ያለው ነው። ይህን ጉዳይ ለአማርኛ አንባቢ ማቅረብ አስፈላጊ መስሎ የታየኝም በዚህ ምክንያት ነው።

ለአዲስ ድረ ገጽ ሲታሰብ

ከስትራስቡርግ ወጥተን ዛሬ አዲስ ድረ ገጽ ሊከፍት የተዘጋጀን ሰው እናስብ። ከፊቱ የሚያገኘው ዋነኛ የዋስትና ቁጥር አገልግሎቱ ሳይቋረጥ የሚቆይበት መቶኛ ነው። 99.9 በመቶ ማለት በዓመት ወደ 8 ሰዓት ከ45 ደቂቃ የሚደርስ መቋረጥ ይፈቀዳል ማለት ሲሆን 99.99 በመቶ ደግሞ ወደ 52 ደቂቃ ያወርደዋል። ልዩነቱ ትልቅ ይመስላል። ነገር ግን ቁጥሩ ሲጣስ ደንበኛው የሚያገኘው ማካካሻ ብዙውን ጊዜ ከወር ክፍያው ላይ የሚቀነስ ነው፤ በወር 5 ዶላር ለሚከፍል ሰው ማካካሻው ከ5 ዶላር አይበልጥም። ደግሞም ይህ ዋስትና የሚናገረው ስለ መቋረጥ ነው፤ ስለ መጥፋት የሚለው ነገር የለም። ስለዚህ በሁለት ኩባንያዎች መካከል ያለውን የአንድ ዘጠኝ ልዩነት ለማግኘት ተጨማሪ ከመክፈል ይልቅ ያንኑ ገንዘብ ሌላ ቦታ ለሚቀመጥ ቅጂ ማዋልን እመርጣለሁ።

ዋጋውም አያስፈራም። ፋይል ለማስቀመጥ ብቻ የሚያገለግሉ የክላውድ ማከማቻዎች ለአንድ ጊጋባይት በወር ከ3 የአሜሪካ ሳንቲም በታች ያስከፍላሉ፤ ፋይሉን መልሶ ለማውረድ የሚጠየቀው ክፍያ ለብቻው መታየት ቢኖርበትም፣ 20 ጊጋባይት የሚሆን የጽሑፍ እና የፎቶ ክምችት በወር ከ60 ሳንቲም ባነሰ ወጪ ሌላ ኩባንያ፣ ሌላ አገር ውስጥ ሊቀመጥ ይችላል።

ለሻጩ ኩባንያ ድጋፍ ክፍል የሚቀርበው ጥያቄ አጭር ነው፤ ቅጂው በየትኛው ከተማ እና ሕንፃ ይቀመጣል፣ ይህስ በውሉ የትኛው አንቀጽ ላይ ተጽፏል? ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው መልስ ቅጂው በተለየ ሰርቨር ላይ እንደሚቀመጥ ነው። በስትራስቡርግም ቅጂዎቹ በተለየ ሰርቨር ላይ ነበሩና ይህ መልስ አይበቃም። የከተማውን ስም የሚጠቅስ፣ የውሉንም አንቀጽ የሚያሳይ ኩባንያ ከሌላው በጥቂት ዶላር ቢወደድ ልዩነቱ የሚገባው ይመስለኛል። መልሱን በጽሑፍ ማስቀረት ደግሞ የግድ ነው።

ሕንፃ ማራቅ ብቻውን በቂ እንዳልሆነ ያሳየ ሌላ ክስተት በሜይ 2024 ደርሷል። ፈንዱ እና ጉግል በወቅቱ በጋራ ባወጡት መግለጫ መሠረት፣ ዩኒሱፐር የተባለው የአውስትራሊያ የጡረታ ፈንድ መረጃውን በጉግል ክላውድ ሁለት የተለያዩ አካባቢዎች አስቀምጦ ሳለ በጉግል በኩል በተፈጠረ የአሠራር ስሕተት አገልግሎቱ በሁለቱም አካባቢዎች ተሰረዘ። አገልግሎቱን ለመመለስ ፈንዱን ከረዱት ነገሮች አንዱ በሌላ አገልግሎት ሰጪ ዘንድ የነበረው ቅጂ ነው። አደጋው እሳት ባይሆንም ያጋጠመው ነገር ያው ነው፤ ሁለቱ ቅጂዎች በአንድ ደንበኛ ምዝገባ ሥር ይገናኙ ነበር።

ይህ የመጨረሻው ነጥብ ከኢትዮጵያ ሆኖ ሆስቲንግ ለሚከራይ ሰው ከእሳትም በላይ ቅርብ ነው። የውጭ ኩባንያዎች የሚከፈሉት በውጭ ምንዛሪ ካርድ ስለሆነ ብዙዎች በውጭ አገር በሚኖር ዘመድ ወይም ወዳጅ ካርድ ይጠቀማሉ። ካርዱ ጊዜው ሲያልፍበት ወይም ባለቤቱ ሲቀይረው ክፍያው ይወድቃል፤ የማስጠንቀቂያው ኢሜይል የሚደርሰውም ምናልባት አካውንቱን ለከፈተው ዘመድ ይሆናል። አገልግሎቱ ይታገዳል፤ በውሉ የተወሰነው የይቆይ ጊዜ ሲያልፍም ፋይሎቹ ይሰረዛሉ። ዶሜይኑ፣ ሆስቲንጉ እና ባክአፑ በአንድ አካውንት እና በአንድ ካርድ የተያዙ ከሆነ ሦስቱም በአንድ ጊዜ ይሄዳሉ። ስለዚህ ዶሜይኑን ከሆስቲንጉ ለይቶ በሌላ ኩባንያ ማስመዝገብ፣ ለብዙ ዓመትም አስቀድሞ መክፈል ይጠቅማል፤ ሰርቨሩ ቢጠፋ እንኳ የዶሜይኑ ባለቤት የዲኤንኤስ መዝገቡን (ዶሜይኑ የትኛው ሰርቨር ላይ እንዳለ የሚያመለክተውን መዝገብ) ቀይሮ ወደ አዲስ ሰርቨር ሊያዞረው ይችላል። የመዝገቡ የቆይታ ጊዜ 86,400 ሰከንድ ተብሎ ከተቀመጠ ለውጡ ለሁሉም ጎብኚ እስኪደርስ አንድ ቀን ሊፈጅ ይችላል፤ 300 ሰከንድ ከሆነ ግን አምስት ደቂቃ ነው።

በብር ከፍሎ በአገር ውስጥ መከራየት የካርዱን ችግር ያስወግዳል፤ አንባቢዎቹ በአብዛኛው አገር ውስጥ ላሉበት ድረ ገጽም መንገዱን ያሳጥራል። በአዲስ አበባ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ እንደ ራክሲዮ እና ዊንጉ አፍሪካ ያሉ ዳታ ሴንተሮች በአይሲቲ ፓርክ ሥራ መጀመራቸው ምርጫውን አስፍቶታል። የደንበኞችን የግል መረጃ የሚሰበስብ ድረ ገጽ ከሆነም የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መረጃ ከአገር ውጭ ስለሚተላለፍበት ሁኔታ ድንጋጌዎች ስላሉት አዋጁን ማንበብ ያስፈልጋል። ነገር ግን የስትራስቡርጉ ጥያቄ እዚህም ይነሣል። በአንድ ፓርክ ውስጥ ባሉ ሁለት ዳታ ሴንተሮች ዋናውን እና ቅጂውን ማስቀመጥ ከአንድ ሕንፃ የተሻለ ቢሆንም፣ አካባቢውን በሙሉ ለሚነካ የኃይል ወይም የመስመር መቋረጥ መፍትሔ አይሆንም፤ አንደኛው ቅጂ ሌላ ከተማ ወይም፣ የግል መረጃ የሌለበት ከሆነ፣ ሌላ አገር ቢሆን ይመረጣል።

የቀረው የመጨረሻው ማወዳደሪያ ድረ ገጹ ሳይመረቅ፣ በገንዘብ ተመላሽ ጊዜው ውስጥ የሚደረግ ሙከራ ነው። በዎርድፕሬስ (ድረ ገጽ መሥሪያ ሶፍትዌር) የተሠራ ድረ ገጽ ሁለት ነገሮች አሉት፤ ፎቶዎቹ እና ገጽታው ያሉባቸው ፋይሎች፣ ጽሑፉ ያለበት ዳታቤዝ። ከሁለቱ አንዱን ብቻ የያዘ ቅጂ ግማሽ ድረ ገጽ ነው። ሙከራው ቅጂውን ከኩባንያው አውርዶ፣ ኩባንያው በማያውቀው ሌላ ቦታ፣ በራስ ላፕቶፕ ላይም ቢሆን፣ መልሶ መትከል ነው። ከዚያ የመጀመሪያውን ገጽ ብቻ አይቶ መተው አይገባም፤ ከቆዩት ጽሑፎች አንዱን ከፍቶ ፊደሉን መመልከት ያስፈልጋል። ዳታቤዙ ሲገለበጥ የፊደል አቀማመጡ ዩቲኤፍ 8 (የአማርኛን ጨምሮ የብዙ ቋንቋዎችን ፊደላት የሚይዝ አሠራር) መሆኑ ካልተጠበቀ የአማርኛው ጽሑፍ በሙሉ ወደ ጥያቄ ምልክቶች ተቀይሮ ይመለሳል፤ በእንግሊዝኛ የተጻፈው አርዕስት ግን ምንም ስለማይሆን ከላይ ሲታይ ሁሉም ነገር የተስተካከለ ይመስላል። እንዲህ የተበላሸ ቅጂ ለዓመታት በየሌሊቱ በጥንቃቄ ሲቀመጥ ሊኖር ይችላል። የቅጂ አያያዙ ቅንብር በተነካ ቁጥር፣ ካልተነካም ቢያንስ በየመንፈቁ፣ ይህን ሙከራ መድገም እና ቅጂው ተመልሶ እስኪቆም የፈጀውን ጊዜ መመዝገብ ተገቢ ነው፤ ውሉ በሚታደስበት ወቅት ከሌላው ኩባንያ ጋር የሚነጻጸረው ቁጥርም ይኸው የተመዘገበው ጊዜ ነው።